የማዞሪያ ቤቷ እትዬ በላይነሽ

የእትዬ በላይነሽን ሞት የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው። የእህታቸው ልጅ ደውላ፣ «ዘሐራ፣ እትዬ አረፉ፤ ቀብሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው» አለችኝና የቤተ ክርስቲያኑን ስም ነገረችኝ። ባለባጃጁ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ለቆታል፤ እሱም አብሮ ይዘፍናል። ስወርድ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ሞታቸው ብቻ ነው። ገብርኤል ነው ያለችኝ ወይስ ማርያም? መልሼ ብደውል ስልኳ አይነሳም። ገብርኤል ይሆናል ብዬ ሄድኩ። ሰው ተሰብስቧል፤ ሬሳው ገብቷል። ከሴቶቹ መሃል ገብቼ አለቀስኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ካለቀስኩ በኋላ ከጎኔ ያሉ ሴትዮ ትከሻዬን ይዘው፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፤ ለሻምበል ምናቸው ነሽ?» አሉኝ።

ሻምበልን አላውቃቸውም። «ጎረቤት» ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ማርያም ስደርስ አፈሩ ተመልሶ አልቋል።

እትዬ ይህን ቢሰሙ አይቆጡኝም ነበር። እኔ ቤተ ክርስቲያን ለይቼ የማላውቅ እስላም ስለሆንኩም አይደለም። ጥፋቱን የሚሰጡት ለዘፋኙ ነበር። በዕድሜዬ ካወቅኳቸው ሰዎች ሁሉ፣ ጆሮ የሰማው ነገር ልብ የያዘውን ነገር እንዴት እንደሚያስጥል አጥርተው ያወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። መማርስ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማሩት።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ስልክ ማዞሪያ ላይ አብረን ሠርተናል። ያኔ ከናዝሬት ወደ መቂ፣ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ሻሸመኔ መደወል የፈለገ ሰው በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ሰሌዳው ላይ ትንሿ መብራት ብልጭ ስትል ገመድ ሰክተን «ማዞሪያ» እንላለን። ደዋዩ ከተማውንና ቁጥሩን ይናገራል። እኛ ሌላውን ገመድ በዚያ ከተማ መስመር ላይ ሰክተን፣ ለዚያኛው ማዞሪያ ቁጥሩን እንነግራለን። ሁለቱም እጃችን ገመድ ስለሚይዝ የሚጻፈው ሰዎቹ ከተገናኙ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ቁጥሩ ማደሪያው ጭንቅላት ብቻ ነው።

እትዬ ቁጥር ሲይዙ የግራ እጃቸውን ሌባ ጣት ወደ ላይ ያቆማሉ። ያቺ ጣት እስክትወርድ ድረስ ክፍሉ ውስጥ ያለ ፍጡር ሁሉ ፀጥ ነው። ይህን ደንብ ማንም ሳይነግረኝ በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ገባሁና፣ ትምህርት ቤት እንዳስተማሩኝ በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ብዬ፣ «እንደምን አደሩ እትዬ፣ ዘሐራ እባላለሁ፣ አዲሷ ሠራተኛ ነኝ» አልኩ።

የጆሮ ማዳመጫቸውን አውልቀው አዩኝ። ሻሻቸውን ከላይ ጥብቅ አድርገው ስለሚያስሩት ፊታቸው ረጅምና የተገተረ ነው።

«ገደልሽው» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «ማንን?»

«አርባ ሦስትን። ወይስ ሠላሳ አራት ነበር? ይኸው፣ ገደልሽው!»

ለደዋዩ ይቅርታ ጠይቀው ቁጥሩን እንደገና አስነገሩት። ከዚያ በኋላ ግን ሻይ ጋበዙኝና ሥራውን ሙሉ ቀን ሲያስተምሩኝ ዋሉ። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ገመድም ስለ ሰሌዳም አልነበረም። «ዓይን ቆብ አለው፤ ስትፈልጊ ትከድኚዋለሽ። ጆሮ በር የለውም። የመጣው ሁሉ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው» አሉኝ።

ድምፅን ሁሉ በደረጃ አውቀውታል። የድሬዳዋው ባቡር ቤቱን እያንቀጠቀጠ ሲያልፍ ጣታቸውን ቀስረው ቁጥሩን ይዘው ይጠብቃሉ፤ አንድም አይጠፋቸውም። የቬንቲላተሩ ጩኸት፣ የጋሪው ቃጭል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ምንም አያደርጋቸውም። «እሱ አንድ ዓይነት ነው፤ ይጮኻል፣ አይሰርቅም» ይላሉ። የሰው ወሬ ግን በሹክሹክታም ቢሆን ይሰርቃል። ዘፈን ከነግጥሙ ይሰርቃል፤ ግጥሙ ሲቀርለት ሌብነቱ ይቀንሳል። እኔ አንድ ቀን፣ «የማይሰሙት ቋንቋስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እሱም ሌባ ነው። ባቡር ጣቢያ ፈረንሳይኛ የሚያወሩ ሰውዬ እዚህ መጥተው ሲደውሉ፣ አንድ ቃል ሳይገባኝ ሁለት ቁጥር ወስደውብኛል» አሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴትዮ ነው ቀበሌው መስኮቷ ሥር ድምፅ ማጉያ የሰቀለባት።

ግንዱን ተክለው፣ ሁለት ጥሩንባ አስረው፣ አንዱን ወደ መንገዱ፣ አንዱን ወደ እኛ አዞሩት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ማርሽ፣ ቀጥሎ ዜና፣ ቀጥሎ ንግግር፣ ቀጥሎ ስለ ንግግሩ ማብራሪያ ነው። መስኮቱን ብንዘጋ በናዝሬት ሙቀት እንቀቀላለን፤ ብንከፍት ከአቧራው ጋር መፈክር ይገባል። እትዬ በማርሹ ሰዓት ደህና ናቸው። ንግግሩ ሲጀምር ጣታቸው ትቆማለች፤ ከዚያ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይድገሙልኝ» ይላሉ። በሃያ ዓመት ሥራቸው «ይድገሙልኝ» ብለው አያውቁም ነበር። ለኃላፊያችን ቢነግሩት ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ፣ እኔ ልጆች አሉኝ» ብሎ በሩን ዘጋባቸው።

በዚህ መሃል ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ዝግጅቱን የያዘው ጓድ ደምሴ የሚባል ካድሬ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሲራመድ ከራሱ ቀድሞ መድረስ የሚፈልግ የሚመስል ሰው። ለእንግዶቹ የሚዘፍነው የዝዋይ የኪነት ቡድን ነው፤ ልጆቹ ቀይ ሸሚዝ ተሰፍቶላቸው በጭነት መኪና ሊመጡ ነው። በዋዜማው ጓድ ደምሴ ደወለና፣ «ዝዋይ ሃያ ሰባትን!» አለ።

እትዬ ጣታቸውን አነሱ። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። መስኮቱ ሥር ድምፅ ማጉያው፣ «…የመቂ ገበሬዎች ማኅበር አባላት፣ የመቂ ሴቶች፣ የመቂ ወጣቶች…» እያለ ነው። እትዬ ገመዱን መቂ መስመር ላይ ሰኩና፣ ለመቂዋ ማዞሪያ «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደርሽ፤ ሃያ ሰባትን ስጪኝ» አሉ። እውነት ለመናገር እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ መቂ ያለ ነው የመሰለኝ።

መቂ ሃያ ሰባት የሽንኩርት ደላላው የኦቦ ቱፋ ስልክ ነው።

ሁለቱ ምን እንደተነጋገሩ ያወቅነው በኋላ፣ ሁለቱም ኮሚቴ ፊት ቆመው ሲመሰክሩ ነው። እንዲህ ነው ነገሩ። ጓድ ደምሴ ትልቅ ሰው ነውና ስሙን አይናገርም፤ «እኔ ነኝ» አለ። ኦቦ ቱፋ ደግሞ ከናዝሬት የሚደውልለት ሽንኩርት የሚረከበው ሐጂ ብቻ ነው፤ ሐጂም «እኔ ነኝ» ነው የሚሉት። ሐጂ ጉንፋን ይዟቸዋል ብሎ አሰበ።

«መኪናው ተዘጋጅቷል?»

«ኤዬ፣ ተዘጋጅቷል።»

«ስንት ናቸው?»

«ሰማንያ።»

ጓድ ደምሴ የጠበቀው አርባ ነበር። «ሰማንያ! ጎበዝ! ሁሉም ቀይ ናቸው?»

«ሁሉም ቀይ። አንድ ነጭ አታገኝበትም።»

«በደንብ አጣርተሃል? ችግር ያለበት እንዳይቀላቀል።»

«የበሰበሰውን በእጄ ለቅሜ ጥያለሁ።»

ጓድ ደምሴ እዚህ ላይ ልቡ እንደተነካ ራሱ መስክሯል። እንዲህ ያለ ቆራጥ ሰው ዝዋይ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር ብሏል። «በል ፀሐይ እንዳይመታቸው ሸራ ይኑር። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት አደባባዩ ላይ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ይውረዱ» ብሎ ዘጋ።

በማግሥቱ እንግዶቹ መድረኩ ላይ ተደርድረዋል፤ ሕዝቡ በየቀበሌው ተሰልፏል፤ ጓድ ደምሴ በማይክሮፎን፣ «አሁን ደግሞ ከዝዋይ የመጡ ቀያይ ልጆቻችን!» አለ። ሸራ የለበሰ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እያለ መጥቶ ቆመ። ማርሹ ተመታ። ሸራው ተገለጠ። ሰማንያ ጆንያ ሽንኩርት። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «የት ላውርደው?» አለ።

ማንም ሳይመልስለት ረዳቱ አንዱን ጆንያ ወረወረ፤ ጆንያው ተቀደደና ሽንኩርቱ እስከ መድረኩ ደረጃ ድረስ ተንከባለለ። ከኋላ አንዲት እናት፣ «ተመስገን፣ አስታወሱን!» ብለው እልል አሉ። እልልታው ቀለጠ። ጓድ ደምሴ ምን ማለት እንደነበረበት እስከ ዛሬ አላውቅም። ዝዋይ ላይ ደግሞ አርባ ልጆች በቀይ ሸሚዝ መንገድ ዳር ቆመው የመነሻ ትእዛዝ ሲጠብቁ ዋሉ።

እንዲህ ስናገረው ሳቅ ነው። ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው እትዬን ወሰዷቸው። የተጻፈባቸው ቃል «አሻጥር» ነበር። በዚያ ዘመን በዚያ ቃል ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ ሲወጡ ማዳመጫቸውን በእጄ ላይ አስቀምጠው፣ «ሻሸመኔ እየጠበቀ ነው፤ መልሺለት» ብቻ አሉኝ።

ሦስት ቀን አሰሯቸው። በአራተኛው ቀን አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠና እኔም በምስክርነት ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ወፍራም፣ ላቡን በመሃረብ የሚጠርግ ሰው ነው። ጓድ ደምሴ በከሳሽነት ቆሟል፤ ኦቦ ቱፋ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«ጓዲት በላይነሽ፣ ዝዋይ ያለሽን መቂ ያገናኘሽው ማን አዞሽ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ማንም አላዘዘኝም። ድምፅ ማጉያው ሲያወራ ዝዋይ ከልቤ ጠፋ።»

ሊቀመንበሩ መሃረቡን አስቀመጠ። «የአብዮቱ ድምፅ አሳሳተኝ ነው የምትይው?»

የእትዬን እግር በእግሬ ረገጥኩ። መውጫ ነበራቸው እኮ፤ «ንግግሩ ልቤን ስለማረከው ነው» ቢሉ ያልቃል። እትዬ ግን ያልሆነውን ሆነ ማለት አይችሉበትም። «አይ» አሉ፤ «የሚለውን እንኳ አልሰማሁትም።»

«ንግግሩን አታዳምጪም?!»

«ሥራ ላይ ነኝ፤ እንዴት አዳምጣለሁ? ባይደመጥም ይገባል ነው የምለው። ቅዳሴም ቢሆን፣ ስድብም ቢሆን፣ የሕፃን ተረትም ቢሆን ያው ነው። የሰው አፍ ከሆነ ቁጥር ይሰርቃል። ካላመኑኝ ጓድ ደምሴ ይሞክሩት።»

እኔ አለቀልን ብዬ በልቤ ፋቲሃ እያነበብኩ ነበር። ጓድ ደምሴ ግን ኩሩ ሰው ነው። «እኔ አልረሳም፤ በሉ» አለና ፊታቸው ቆመ።

እትዬ ጣታቸውን አቆሙ። «አራት፣ ዘጠኝ፣ አንድ፣ ሰባት፣ ሁለት፣ ስምንት። ጣቴ ስትወርድ ይነግሩኛል።» ትንሽ ቆይተው አወረዱ። ጓድ ደምሴ ሳይንተባተብ ደገመው። ሌላ ስድስት ቁጥር ሰጡትና ኦቦ ቱፋን፣ «አንተ ጠረጴዛውን ምታልኝ፤ ሳታቋርጥ፣ አንድ ዓይነት አድርገህ» አሉት። ቱፋ በቡጢው ደበደበው፤ ብርጭቆው ሁሉ ዘለለ። ጓድ ደምሴ አሁንም ሳይሳሳት ደገመ።

«አሁን አንቺ ዘሐርዬ፣ ያንን ጋዜጣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አንብቢ።»

አነበብኩ፤ ስለ መኸር ምርት ነበር። እትዬ ቁጥሮቹን ጠርተው ጠበቁና ጣታቸውን አወረዱ። ጓድ ደምሴ፣ «ስምንት፣ ሦስት… ሦስት፣ ስምንት…» አለና ግንባሩን ያዘ። «ስድስት… መቶ ሄክታር…»

«ሄክታር አላልኩም» አሉ እትዬ።

ሊቀመንበሩ በቁጣ ተነሳ። «የሰማኸው ስለምትከታተል ነው! ጋዜጣው ስለገባህ ነው! የማይገባ ነገር ይነበብና እኔ ልሞክረው!»

«ኦሮምኛ ይሰማሉ?» አሉት እትዬ።

«አልሰማም፤ እኔ የመጣሁት ከሌላ ክፍለ ሀገር ነው።»

«እንግዲያው ኦቦ ቱፋ ያሻውን ያውራ።» ስድስት ቁጥር ጠርተውለት ጣታቸውን አቆሙ።

ቱፋ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ወለል ወለሉን እያየ በኦሮምኛ ቀስ ብሎ ያወራ ጀመር። እኔ ያደግኩት አርሲ ስለሆነ አንድ በአንድ እሰማዋለሁ። «አላህ ያሳያችሁ፤ ሽንኩርቴ አራት ቀን ፀሐይ ላይ እየበሰበሰ ነው፤ እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው እንደ ሕፃን ቁጥር ይጫወታሉ፤ ይህ ወፍራሙ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል…» ነው የሚለው። ሻርፔን አፌ ውስጥ ከተትኩት። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቁጥሩን ሊይዝ ይታገላል። የእትዬ ጣት ስትወርድ ሦስቱን አገኘ፤ ሁለቱን አገላበጠ፤ የመጨረሻዋ የለችም።

ጀርባውን ሰጥቶን ወደ መስኮቱ ሄደ። ሲዞር ፊቱ ሌላ ሆኗል። አሻጥር ከሆነ እሱም ፈጽሞታል። አብዮቱም ነፃ ወጥቷል፤ አንድም ቃል ያልገባው የደላላ ኦሮምኛ ቁጥሩን ዘርፎታልና። «ይጻፍ» አለ። «ድምፅ ማጉያው ሰፊው ሕዝብ ወደሚገኝበት ወደ ገበያው ይዛወር። ጓዲት በላይነሽ ግለ ሂስ ታቅርብ።»

ግለ ሂሱን እኔ ነኝ የጻፍኩላቸው፤ እሳቸው እየነገሩኝ። እንዲህ ይላል፦ «ሰው ሲያወራ ቁጥር ይጠፋኛል። ወደፊትም ይጠፋኛል።» ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር እንዲያስቀሯት ለመንኳቸው። «እንዴት ብዬ? እውነት ነው እኮ» አሉኝ። ኮሚቴው ምን ብሎ እንደተቀበለው አላውቅም፤ ማንም አልጠራንም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጓድ ደምሴ ማዞሪያ ቤት በር ላይ ቆሞ አየሁት። ሊወስዳቸው መጣ አልኩ። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ፣ «እትዬ፣ ነገ ንግግር አለብኝ። ቢሮዬም ቤቴም ሰው ያወራል። እዚህ ጥግ ላይ ተቀምጬ ባጠናው ይፈቅዳሉ?» አለ። እትዬ ወንበር አሳዩት። ከዚያ ወዲያ ንግግር በደረሰ ቁጥር እየመጣ ይቀመጣል። አንዳንዴ ሲረሳው ከንፈሩ ድምፅ ያወጣል፤ እትዬ ዞር ሳይሉ፣ «ጓድ፣ በልብዎ!» ይሉታል። «ይቅርታ እትዬ» ይላል። ናዝሬት ሙሉ የሚፈራው ሰው ነው እንግዲህ።

ወደ ሰሜን ጦር ግንባር መመደቡን የነገረን በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ቀጥሎም እናቱ ሻሸመኔ እንዳሉ፣ ስልክ እንደሌላቸው፣ ከደጃቸው ያለ መድኃኒት ቤት ግን እንደሚጠራቸው ተናገረ። «ቁጥሩን ልስጥዎት። እኔ እዚያ ሆኜ ምን እንደማስታውስ አላውቅም» አለ። እትዬ ወረቀት አልፈለጉም። ጣታቸውን አቆሙ፤ ሰሙ፤ አወረዱ።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ስለ እሱ ምንም አልሰማንም። እትዬ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ ከንፈራቸው ትንሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጸሎት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ገደማ የአዲስ አበባ ማዞሪያ፣ «ናዝሬት፣ ከወታደር ሆስፒታል ሻሸመኔ የሚፈልግ አለ፤ ቁጥሩን ግን አያውቀውም። የናዝሬቷ እትዬ ያውቁታል ነው የሚለው» አለችን። እትዬ ምንም አልጠየቁም። ገመዱን ሰኩ፣ ለሻሸመኔ ቁጥሩን ነገሩ፣ «የጓድ ደምሴን እናት ጥሩልኝ፤ በሩጫ!» አሉ።

መስመሩ በሦስት ደቂቃ ይቆረጣል። ደንብ ነው፤ እትዬ ዘንድ አስተዳዳሪም ይሁን ጄኔራል በሦስተኛው ደቂቃ ቁርጥ ነው። እናትየው ተጠርተው እስኪመጡ ሁለቱ አለፈ። ሰሌዳው ላይ መብራቶቹ ይቦግጋሉ፤ አንድ የሆቴል እንግዳ፣ ሻሸመኔ ካልሰጣችሁኝ እያለ ይጮኻል። በሦስተኛው ደቂቃ እጄን ወደ ገመዱ ስሰድ እትዬ እጄን በእጃቸው ያዙት።

ለሆቴሉ እንግዳ፣ «ጌታዬ፣ የሻሸመኔ መስመር ተበላሽቷል» አሉት።

ከዚያ ማዳመጫቸውን አውልቀው ሰሌዳው ላይ አስቀመጡና፣ እናትና ልጅ የሚነጋገሩትን እንዳይሰሙ ወደ ደጅ ወጡ።